ሁለት ጣት ውሃ

ሃያ ሁለት ዓመት፣ ጠዋትና ማታ፣
ኪቶ ድልድዩ ስር፣ በቆመችው ቦታ፣
ቀይና ነጭ ቀለም፣ ቁጥር ያለባት
አንዲት የብረት ዘንግ ነበረች የማነባት።
ደሞዟ ትንሽ ናት፤ ሥራው ቀላል ነበር፤
ጎንበስ ብሎ አይቶ ማስፈር ነው በደብተር፤
ሐምሌ ሁለት ሜትር፣ የካቲት አንድ ክንድ፤
ከዓመት ዓመት ወርዶ፣ ቀጥኖ እንደ ገመድ፣
አንድ መጋቢት ጠዋት ዜሮ ብዬ ጻፍኩ፤
መርዶ እንደሚያደርስ ሰው ቢሮ ደጃፍ ቆምኩ።
«ፈርመህ አስቀምጠው» አለኝ ሳያይ ፊቴን።
ወደ ቤት ተመለስኩ ታቅፌ ዜሮዬን።

ውሃው የት ሄደ አትበሉኝ፤ አይቻለሁ በዓይኔ።
ያኔ ጨፌው ሳለ፣ ልጅ በነበርኩ ያኔ፣
ረግጠኸው ስትሄድ መሬቱ ይተነፍስ፣
ከእግርህ ጣት መሃል ቀዝቃዛ ውሃ ይፈስ፤
የሰኔን ጎርፍ ውጦ፣ ለጥር የሚመነዝር፣
እንደ ባልቴት መቀነት፣ በሳንቲም፣ በቁጥር።
ኋላ ቦይ ቀደዱት፣ አንጀቱን ዘርግፈው፤
ባሕር ዛፍ ተከሉ፣ በሰልፍ አሰልፈው፤
ጭቃው ጡብ ሆነና ግማሽ ጅማን ሠራ፣
የኔም ጓዳ አለበት፣ ሳልደብቅ ላውራ።
ዝናቡም ማደሩን፣ እንግድነቱን ትቶ፣
እንደ ሌባ ጠፋ አፈሩን አንስቶ።

የልጄ ልጅ ዙበይዳ ከትምህርት ቤት ወጥታ
አንድ ሥዕል አመጣች፣ ያን ዕለት ወደ ማታ፦
ጅራቱ እንደ መቅዘፊያ፣ ጥርሱ ቡናማ ቀለም፤
«ቢቨር ነው የሚባል፣ በኛ አገር የለም።
አባባ፣ ግንድ ይቆርጣል፣ ጭቃ ይለጥፋል፣
ወንዙን እያስቆመ ጨፌ ያተርፋል።
ድርቅ ሲመጣ እንኳ፣ እሳት ሲበላ ጫካው፣
የሱ ሰፈር ብቻ እርጥብ ነው ዳርቻው።»
«ማን ቀጥሮት?» አልኳት። «ማንም» አለች ስቃ።
«ደሞዝስ?» «የለውም።» እኔም ሳቅሁኝ በቃ።
እሷ ተኛች። እኔ ዓይኔን አፍጥጬ ቀረሁ።
ሃያ ሁለት ዓመት ውሃ ስለካ፣ ስለካ፣
አንድ እፍኝ ጭቃ እንኳ አላኖርኩም ለካ።

በነጋታው ወረድኩ፣ ገጀራዬን ይዤ፤
የራሴን ባሕር ዛፍ ጉማጅ ጉማጁን አግዤ
ቦዩ አፍ ላይ አጋደምኩ። ሸሸ፤ አፈሰሰ።
ጭቃ መርጌ ደገምኩ። አሁንም ፈረሰ።
(እንስሳው ማን አስተማረው? እኔ ሦስት ጊዜ ወደቅሁ።)
በአራተኛው ያዘ። ውሃው ቆም አለና
እንደ ጠፋበት ሰው ዞረ ቀኝና ግራ።

ጡብ ሠሪው ሽኩር መጣ፣ አካፋውን ተክሎ፣
«ጉድጓዴን ሞላኸው» አለ፣ ፊቱ በንዴት ከስሎ፤
«አራት ልጅ አለኝ፤ እነሱስ ምን ይብሉ?
እንቁራሪት ይብሉ?» ሰዎቹ ሳቁ ሁሉ።
እኔ ግን አልሳቅሁም። እውነቱን ነው፤ ምን ልበል?
መልስ የለኝም ዛሬም፤ አልቆጥረው እንደ በደል።
ግማሹን ፈታሁለት፣ ግማሹን አስቀረሁ፤
እሱ ማታ ሲንደው፣ እኔ ጧት እየሠራሁ
ክረምቱን ተሻገርን።

ጥቅምት። ኅዳር። ታኅሣሥ።
ፊላው ብቅ አለ፣ መጀመሪያ አንድ፣ ኋላ እንደ ሕፃን ጥርስ።
ዘውድ የደፉ ሁለት ወፎች፣ እግረ ረጃጅሞች፣
ባለቤት ይመስል ዞር ዞር ብለው አዩት።
ጥር ላይ ሽኩር መጣ፣ ላሙን እየነዳ፤
ሰላም አላለኝም፤ ውሃውም አልተጎዳ።

መጋቢት፣ ድልድዩ ስር፣ ጎንበስ ብዬ አየሁ፤
ዓይኔን አላመንኩም፣ በእጄ ለካሁ፦
ሁለት ጣት።
«አምና ዜሮ አልነበር? ስህተት አለበት» አለ ጸሐፊው።
ይሁን፣ አልኩ። ይጻፈው ብቻ።

ዙበይዳ ማታ ላይ፣ ስስቅ ጥርሴን አይታ፣
«አባባ፣ ቡናማ ነው!» ብላ ጮኸች ተደስታ።
እርሳሴን ፈለግሁ፤
ኪሴ ውስጥ ጭቃ ነበር።