ሌላ ቀጠሮ

መሐል ሜዳ ላይ ነው፣ ከፍርድ ቤቱ ፊት፣
ቆርቆሮው ያላበው የኔ ጽሕፈት ቤት።
ጧት በሩን ስከፍተው ጉሙ ቀድሞኝ ገብቶ፣
እንደ ባለጉዳይ ወንበር ላይ ያርፋል እግሩን ዘርግቶ።
ኮምፒዩተሬን ማታ ባና አልብሼ ነው የማሳድረው፤
የሚስቅ ይሳቅብኝ፤ የመንዝ ውርጭ ብረትም ነው የሚቆረጥመው።

ሳስነሳው ያቃስታል፤ ማራገቢያው ያጓራል፣
እህል እንዳለቀበት ወፍጮ ድንጋይ ያፋጫል።
እጄን ከብብቴ ሸጉጬ እቆጥራለሁ፦
አራት ደቂቃ፣ አንዳንዴ ስድስት፤ ለምጄዋለሁ።

ከዚያ ያችው ጥያቄ። እሱ በእንግሊዝኛ፣
እኔ የምሰማው ግን በመንዝ አማርኛ፦
«ዘመኔ አልፏልና አዲስ ይጫንብኝ?»
ከሥሯ ሁለት ቁልፍ፤ «አሁን»፣ «በኋላ አስታውሰኝ»።
«በኋላ»ን እነካለሁ።
ስነካት ሦስት ዓመት ሆነኝ።

ምንተስኖት ይመጣል፣ የቴክኒክ ተማሪ፣
ፍላሹን እንደ ክታብ በአንገቱ አዟሪ።
ስም አውጪው ቄስ አባቱ፣ ግእዙን ሲፈቱት
«ምን ይሳነዋል» ነው፤ እሱም አምኖበታል፣ አይጠረጥርበት።
«ጠርጌ እጭንልሻለሁ፤ ሁለት ሰዓት አይፈጅም» ይላል።
«ጠርጌ» የሚለው ቃል ግን ሆዴ ውስጥ ይቀራል።

እውነቱን ነው ደግሞ። ሰኔ ላይ ቫይረሱ
የአንድ ሙሽራ ካርድ በላ ከነድግሱ፤
ሠርጉ በቃል ተጠራ። እናትየዋ ዛሬም
መንገድ ስንገናኝ ሰላም አትለኝም።

ግን የአማርኛው መጻፊያ አርጅቷል እንደሱ፣
አዲሱ ላይ አይሄድም። ጣቶቼስ? እነሱ
የፀሐዩን «ፀ» ከጸሎቱ «ጸ» ሳላይ ይለያሉ፤
ሰልፈኛ እየጠበቀ ሀ ሁ ይቆጥራሉ?
ማተሚያውም ጠርዙን በቡጢ ካልነኩት
ወረቀት አይውጥም፤ ባዳ መች ያውቅበት።

የአባባ ሀብተየስ ፋይልም አለ።
አሥራ አንድ ዓመት። አንድ ወሰን፣ አንድ የኮሶ ዛፍ፣ አንድ የወንድም ልጅ።
በየቀጠሮው በትራቸውን ከደጅ
አስደግፈው ይገባሉ፤ ቀኑን እለውጣለሁ፣
የዳኛውን ስም እለውጣለሁ፣ አትማለሁ።
ሳጥኑን በጣታቸው ነካ አድርገው፣
«መሬቴ እዚህ ውስጥ ነው?»
«አዎ፣ አባባ።»
«ታዲያ ውሃ እንዳይነካው።»

ትናንት ከችሎት ወጡ። «ምን አሉ?»
«ቀጠሮ። ለሰኔ። መዝገቡን እንመርምር አሉ፤
እኔ ሰኔን ማየቴን ማንን ጠይቀው?» ብለው ሳቁ።
ይህን ጊዜ ጥያቄው ብቅ አለ ከስክሪኑ።
ጣቴ እንደ ልማዱ ወደ «በኋላ» ሄዶ
መሃል መንገድ ላይ ቀረ፣ እንደ ውርጭ ውሃ በርዶ።
ለካስ ካባ ባልደርብ፣ መዶሻም ባልይዝ፣
ሦስት ዓመት ያስቻልኩት እኔም ነኝ፣
ከዚሁ ወንበር ላይ።

ከምንተስኖት የተዋስኩትን ፍላሽ ሰካሁ። አስቀድሞ የአባባን ወሰን፣
ቀጥሎ የዕድሩን መዝገብ፣ የዱቤዬን፣ የሙት ዓመት ጥሪዎችን፣
መጨረሻ ላይ አንዲት የኮሌጅ ማመልከቻ፣
የራሴ። ተጽፋ ያልታተመች ብቻ።
አረንጓዴዋ መስመር እየዳኸች እየዳኸች
ዘጠና ሁለት ከመቶ ደርሳ፣
መብራት ጠፋ።

«ሞተ እንዴ?»
«መብራት ነው፣ አባባ።»
«ቢሞትስ ምን ይሆናል» አሉና፣ በድንግዝግዙ፣ ከጉሙ ማህል፣
አቤቱታውን ከ«ክቡር ፍርድ ቤቱ» እስከ ፊርማው ድረስ
በቃላቸው ተወጡት፤ ያችን ተሳስቼ ሁለቴ የጻፍኳትን
«ድርሻዬን» እንኳ ሳይዘሉ፦ «ድርሻዬን፣ ድርሻዬን»።

ምንተስኖት ጋ ደወልኩ።
«ና፣ ጫንልኝ» አልኩት።
«አሁን ልምጣ?»
«አይ» አልኩ፤ «ሐሙስ።»
ከጨለማው ውስጥ
አባባ ሲስቁ ሰማሁ።