ወፍራሟ ክር

ቱሉ ዲምቱ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ቤዜ ሆዱ ተከፍቶ፤
ምንውዬለት መነጽሩን በላስቲክ አስሮ፣ ተደፍቶ፣
ከተቃጠለ ፓምፕ የፈታውን ሽቦ፣
ከፀጉር የቀጠነ፣ እንደ ድር ተስቦ፣
ማግኔቱ ላይ ያዞራል፤ ስድስት ሺህ ዙር፣ ሰባት...
ትንፋሼን ዋጥኩለት፣ ቁጥር እንዳይጠፋበት።

«ፒክአፑ ወደ ድልድዩ ከተጠጋ ይሾላል፣
እንደ ነገረኛ ጎረቤት ቃል መርጦ ይወጋል፤
ወደ አንገቱ ከሄደ ግን ድምፁ ይወፍራል፣
ጠግቦ እንደተኛ በሬ ከሆዱ ይተነፍሳል።»
«የቱ ይሻላል?» አልኩት።
«ከማን ጋር ልትኖር ነው?» አለኝ፤ አልመለስኩለት።

ክሮቹን ላቤ በልቷቸው ድምፃቸው ሞቷል፤
አዲስ እንዳልገዛ ደሞዜ አልቋል።
ምን ላድርግ? በድስት ቀቀልኳቸው ትናንት ማታ፤
ሚስቴ ክዳኑን ከፍታ «ይሄ ደግሞ የምን ፓስታ?»
ከፈላው ውሃ የዓመት እድፍ ወጣ፣
ብረቱ ጥርሱን ፍቆ መጣ።

ሰካነው። ገና አንዴ ስነካ
የታችኛው ፎቅ ጣሪያውን በመጥረጊያ አንኳኳ፤
«ልክ ናት፣ ምቷን ጠብቅ» አለ ምንውዬለት።

ወዲያው መብራት ሄደ፤ እስከ ኮዬ ፈጬ ጨለመ።
ሽቦው ዱዳ፣ ማግኔቱ ዱዳ።
አገጬን እንጨቱ ላይ ጥዬ ወፍራሟን ክር ሳብኳት፤
ያንን ሁሉ ዙር ሳትዞር
በጥርሴ ሰማኋት።