ወጪና ገቢ

ደብተሩን የያዝኩት እኔ ነኝ፣ እህቱ፤
ወጪ በግራ ነው፣ ገቢ በቀኝ ፊቱ።
ግራው ገጽ ጠቁሯል በቁጥር ብዛት፣
ቀኙ ግን ነጭ ነው፣ የሙት ባሕር መሬት።

ከቤርሳቤህ ወዲያ አንድ መንገድ አለ፣
እንደ ወደቀ መቀነት የተጠቀለለ፤
ተነስቶ የትም የማያደርስ። እዚያ ላይ ነው
ወንድሜ አቪሻይ፣ በአሥራ አምስት ዓመቱ፣
ከምድር አራት ጣት ከፍ ብሎ የሚበረው።

ጎማው ሁለት ቀን ነው፣ ከዚያ ይላጫል፤
የአባባን የሳምንት ሌሊት ይዞ ያልቃል።
አባባ ሆስፒታል በር ላይ ቆሞ ያድራል፣
የመጪውን ቦርሳ ከፍቶ ይበረብራል፤
አሥራ አንድ ሌሊቱ አንድ ሞተር ሆነ፣
ሞተሩም ባንድ ቀን በአሸዋ ታፈነ።
ጻፍኩት። በግራ በኩል።

የልብሱን ደረትና ጀርባውን ልንሸጥ
ሱቅ ለሱቅ ዞርን፣ ፀሐይ አናት ስታቀልጥ።
ስድስት መቶ ሰጠ ቪክቶር፣ ጎማ ጠጋኝ፤
«ትከሻው ላይ ስሜ በቀይ ይጻፍልኝ።»
የመንጃ ትምህርት ቤት ባለቤቷ ሲሞና
ሦስት መቶ ሼኬል ቆጥራ ሳቀችና፣
«በዝግታ ንዱ» የሚል አንድ ወረቀት
ለጠፈች በራሷ እጅ፣ ከሞተሩ አናት።
የተቀደመ ሁሉ የሚያነበው እሱን ነው።

በበጋ አንደኛ ወጣ። ሽልማቱ
ያንድ ክንድ ዋንጫ ነው፣ ፕላስቲክ አንገቱ፣
አንድ ጠርሙስ ዘይት፣ ጭብጨባ፣ ፎቶ።
የቱን ላስገባው? ጭብጨባ መንዝሮ
ማን ቤንዚን ገዛ ከቶ?
እማማ ግን ዋንጫውን ሐሙስ ሐሙስ ታጥበዋለች፣
እንደ ሕፃን፣ ጆሮውን ሳትቀር።

የቅዳሜም ውድድር አለ፤ ነጥቡ እጥፍ ነው።
«ሰንበት አይሸጥም» አለ አባባ፤ አበቃ።
በነጥቡ ሰሌዳ ሰባት ዜሮ አለን፣
ክብ ክብ፣ ድፍን ድፍን፣ እንደ ሰንበት ዳቦ፤
አቪሻይ ሲያያቸው ይርበዋል።

እኔ ባንክ ነው የምሠራ። ሰው ብድር ሲጠይቅ
«ዋስትናህ ምንድን ነው?» እላለሁ፣ ቀና ሳልል።
ወንድሜ ቢመጣ ምን ልጽፍለት ነው?
ዋስትናው አንድ ኩርባ ነው፣ ሦስተኛው፣
ሌላው ሁሉ ፍሬን ይዞ የሚያልፈው።

ኋላ ከጣልያን ደብዳቤ መጣ፤
«ልጁ ፈጣን ነው» ይላል፣ «መቀመጫ አለን»፤
ከሥሩ ዋጋው። የመቀመጫ ዋጋ!
የቤታችን ግማሽ፣ ለአንድ ጠባብ ወንበር።
አባባ አስነብቦኝ ሰማ። ዝም አለ።
ሌሊቱን ቆሞ የሚያድር ሰው
ስለ መቀመጫ ምን ይናገራል?

ያን ወንበር ናዳቭ አገኘው፤ አባቱ ገዛለት።
ክፉ ልጅ አይደለም፣ ኩርባ ላይ ይፈራል እንጂ።
እኒያው አባት መጡ፣ ጫማቸው አቧራ ሳይነካው፦
«በሰዓት መቶ ሃያ። ከልጄ ፊት ንዳ፤
ፍሬን የት እንደምትይዝ ከኋላህ ይመልከት።
ብቻ አትራቀው።»

አትራቀው!
ስምንት ዓመት ሙሉ መራቅን ለተማረ እግር።
ወንድሜ እግሩን አነሳ፤ ዞሮ እያየ ጠበቀ፤
የሲሞናን ወረቀት እያነበበ
ናዳቭ ተከተለው።
በፍጥነቱ የከሰረው ልጅ
በዝግታው ተከፈለው።

ዓርብ ነው። ደረጃው የተቃጠለ ጎማ ሸተተ፤
ቁልፍ ሲዞር ሰማሁ።
አራት መቶ ሰማንያ ጠረጴዛው ላይ አኖረ፣
እጁን ሳይታጠብ፤ አባባም አልቆጠረ።
ቀኙን ገጽ ገለጥኩ። ገንዘብ ገባ፣
ልጅ ገባ፣
ፀሐይም ልትገባ ጥቂት ቀራት።
«ብዕሩን አስቀምጪ» አለች እማማ፣ «ሰንበት ናት።»

የፊት ግራ ጎማው እስከ ክሩ አልቋል፤
እሑድ እጽፈዋለሁ።