ጠርዝ ላይ

ግንቦት ነው በድሬ። ስምንት ሰዓት ሞልቷል።
የመጋላ ቆርቆሮ በሙቀት ይንጣጣል፤
ፍየሉ ጥላ አጥቶ ግድግዳ ተጠግቷል።
የረምዚ ሱቅ ብቻ፣ ሆዳቸው የተከፈተ
ዘጠኝ ፍሪጆች ታቅፎ
እንደ ንብ ቀፎ ያጉተመትማል።

የእህቱ ልጅ ሂክማ ከመነጽሯ ማኅደር
የሩዝ ፍሬ የምታህል፣ ስባሪ መስታወት የመሰለች ነገር
አውጥታ አሳየችው።
«ይቺ ናት ያልኩህ። ላይዋ የተቀባው ተንግስተን ነው፤
ፀጉር መቶ ቦታ ቢሰነጠቅ አንዱን አያህልም።
ስትበርድ፣ በጣም ስትበርድ፣
ኮረንቲው ከልካይ የለው፣ እንዲሁ ይፈስባታል።
ያኔ ጠርዙ ላይ እናቆማታለን፣
ትንሽ ብትሞቅ በምትወድቅበት ክር ላይ።
አንዲት ቅንጣት ብትነካት፣ አንዲት ብቻ፣
ትባንናለች።»

ረምዚ ብሎኑን ከጥርሱ መሀል አወጣ።
«ስንት ዲግሪ?» አለ።
አርባ ዓመት ብርድ ጠግኗል፤ ዋጋውን ያውቃል።
«ከዜሮ በታች ሁለት መቶ ሰባ ሦስት።
ከዚያ ወዲያ ብርድ የለም፣ አለቀ።»
ሳቀ።
«እኔ ለሃያው ስንቴ ነው ጋዝ የምሞላው!
በይ ንገሪያቸው፣ የበሩን ላስቲክ ይዩት፤
ሁልጊዜ በሱ ነው የሚያመልጠው።»

ሳቁ ሳያልቅ መብራት ሄደ።

ዘጠኙም ኮምፕረሰር አንዴ ተንፈራግጦ
ዝም። ወፍጮ ቤቱ ዝም።
የባጃጅ ተራው ዘፈን ከመሀሉ ተቆርጦ
ዝም።
ከዚያ፣ ከኒሟ ቅርንጫፍ
አንዲት የደረቀች ፍሬ፣ ቆርቆሮው ላይ፦
ጠብ።

ሁለቱም ቀና አሉ።
«ሰማህ?» አለች ሂክማ። «ይኸው ነው ሥራዬ።»

አልመለሰላትም።
ሰማዩ ኮከብ እንደሞላ፣
ከተማው ላይ አንዲት ጠብታ ሳትወርድ፣
ደንገጎ ላይ ዘንቦ፣ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ
ጎረቤቱን ከነአልጋው ከወሰደው ወዲህ
እንቅልፉ ስስ ነው።
ከደረቁ አሸዋ ማዶ ጠጠር ከጠጠር ሲነካካ
ይሰማል፤ ተነስቶ ይቀመጣል፤
ጫማውን በጨለማ ይዳብሳል።

ያቺን ነገር በጥፍሩ ጫፍ አነሳት፤
ትንፋሹን ያዘ፣
በሞቀ እጁ እንዳያነቃት።
«እኔ ደሞ» አለ፣ ለራሱ እንደሚያወራ፣
«እንዲህ የምተኛው
ብቻዬን ይመስለኝ ነበር።»

መብራት መጣ።
ዘጠኙ ፍሪጅ ባንዴ ተንጫጩ።
ሂክማ አልሰማችውም።