እንየው

ሐሙስ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ከአዘዞ በታክሲ መጣ፤
አክስቱ እጁን ይዛ፣ እሱ ከነጠላዋ ጥላ ሳይወጣ።
ካርዱ ላይ ተጽፏል፦ «ስም፦ እንየው።
ዕድሜ፦ አምስት። አይናገርም። ምናልባት ጆሮው ነው።»

እኔም ጀማሪ ነኝ፤ ጋዋኔን ገና ውኃ አልነካው፤
ዝምታ ያስፈራኛል፤ በጥያቄ ነው የምተካው።
«ይሄ ምንድን ነው? ይሄስ? ቀለሙ ምን ይባላል?»
እሱ መስኮቱ ሥር ሰባት ቆርኪ ከኪሱ አውጥቶ ይደረድራል።

ደብተሬ ላይ ጻፍኩ፦ «ትኩረት የለውም። ትብብር የለውም።»
ዛሬ ሳነበው አፍራለሁ፤
የሌለውን እንጂ ያለውን አልጻፍኩም።

ሲስተር አዛለች፣ ሠላሳ ዓመት ሕፃን ስታይ የኖረች፣
ደብተሬን ገለጥ አድርጋ፣ በመነጽሯ ላይ አየችኝና ሳቅ አለች፦
«ስሙን ጻፍሽው እንጂ መች አነበብሽ?
‹እንየው› ነው የሚለው፤ ‹እንጠይቀው› ማን አለሽ?»

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።
ሁለት ሐሙስ ምንም።
በሦስተኛው፣ ከሆስፒታሉ በር ባጃጅ ጡሩምባ በነፋ ቁጥር፣
ትንሿን ቆርኪ፣ ቢጫዋን፣ ይደብቃል ከጉልበቱ ሥር።
የመኪና ሲሆን አይደብቅም። የአምቡላንስ ሲሆን አይደብቅም።
የባጃጅ ብቻ። ጆሮው?
ጆሮውማ ከኔ ይበልጣል፤ ምንም አያመልጠውም።

«ሦስት ከሃያ፤ ባጃጅ፤ ደበቀ። ሦስት ከሠላሳ አንድ፤ ባጃጅ፤ ደበቀ።»
ድምፁ ሲርቅ አወጣት፤ በእጅጌው ጠረጋት፤
አየኝ፣ ታዘበኝ፣ ጠበቀ።

አክስቱን ጠየቅኋት። ከነጠላዋ ጥለት አንድ ክር መዘዘች፤
«አባቱ ባጃጅ ነበረው። አንድ ቀን ታናሽ እህቱን አሳፍሮ...»
አልጨረሰች።

ሐምሌ ገባ። ግንቡን ጉም ዋጠው፤ ከአንገረብ በኩል ብርድ ነፈሰ፤
የጣራው ቆርቆሮ ሲጮህ የሰው ድምፅ አነሰ።
ከክብሪት ቀፎ ቤት ሠራሁ፣ በር ያለው፤ አጠገቡ አስቀመጥኩ።
በክርኑ ገፋው። ጻፍኩ፦ «ገፋው። እኔ ነኝ፤ ቸኮልኩ።»

ቤቱን ከገፋበት አላነሣሁም፤ እዚያው ሰነበተ፤
በሌላው ሐሙስ በዓይኑ ጫፍ ለካው፤
በሩን ዘጋ። ከፈተ።

ያኔ ባጃጅ መጣ፣ ዝናብ ውስጥ፤ ጡሩምባው ረዘመ።
ቢጫዋን አነሣ። ልጽፍ ስል፣ እጁ ወደ እኔ አዘገመ፤
እስክሪብቶዬን ከጣቶቼ መካከል ቀስ ብሎ አወጣ፣
ከቆርኪዋ ጋር ከጉልበቱ ሥር፣
ድምፁ እስኪያልፍ፣ ጸጥታ እስኪመጣ።

ማታ ቤቴ ገብቼ፣ በእርሳስ ነው የጻፍኩት የዚያን ቀን፦
«ሦስት ከአርባ። ባጃጅ። ደበቀን።»