ከምሽቱ ሁለት ሰዓት

ከምሽቱ ሁለት ላይ ሬዲዮዋን ከፍታ፣
ሮዘንዳ ታወራለች፣ ከቱንጉራዋ ግርጌ፣ በዝግታ፦
«ጭስ የለም፣ ድምፅ የለም፤ ጉም ለብሷል ጫፏ፤
እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው፣ ማረፏ።»

ቀን፣ መንገድ በቆረጠው ገደል ሥር ቆመን፣
ምድሪቱን እንደ ሽንኩርቷ፣ በልጣጭ በልጣጭ ገለጥን፦
ነጭ የድንጋይ አረፋ፣ ሲያነሡት ክብደት የሌለው፣
ጥቁር አመድ፣ አንድ ስንዝር፣ ዝናም ያጠበቀው፣
ከታቹ የከሰለ ሥር፣
መሸሽ የማያውቅ ነገር።

«ሁለት ነበሩ» አልኳት፣ «ከዚህች በፊት የቆሙ፤
በየተራ ተንደው ሸለቆው ውስጥ የተጋደሙ፤
ይቺ ሦስተኛዋ ናት፣ አጥንታቸው ላይ የበቀለች።»
«ለዚህ ነዋ የቀበጠች! የልጅ ልጅ ናታ» አለች።

እኔ በሺህ ዓመት ስቆጥር፣ እሷ በራሷ ትቆጥራለች፦
ላሞቿ አመድ የነካው ሣር ግጠው ያለቁበት፣
ወታደር በካሚዮን ጭኖ ያወጣቸው፣ በእግር ሾልከው የገቡበት፣
ሴጉንዶ «ጥጃዋን ፈትቼ ልምጣ» ብሎ የወረደበት—
ከዚያ ወዲያ አትቆጥርም። ጎንበስ ብላ አረም ትነቅላለች።

«ሌላስ?» ይላል ሬዲዮው፣ ከከተማ፣ እያዛጋ።
«ሌላማ... ውሾቹ አልተኙም።
እኔም ጫማዬን አላወልቅም፣ እስኪነጋ።»