ፍሬሙ የበላው

ሙሐረቅ ውስጥ ነው ሱቃችን፣ ከዓሣ ተራ ጀርባ፣
ፀሐይ በቀትር እንኳ አጎንብሳ ነው የምትገባ።
መስታወት እቆርጣለሁ፣ እንጨት አጋጥማለሁ፣
ሰው የሚሰቅለውን ሁሉ ከፍፌ እሸኛለሁ።
ሰባት ዓመት ሙሉ ፈረስ፣ ጭልፊት፣ ሙሽራ፣
የልጅ ዲፕሎማ፣ አንቀጽ በወርቅ ቀለም የሚያበራ፤
አንዱም እጄን ይዞ «ቆይ» ያለኝ የለም።

እሑድ ከሰዓት ግን አንዲት ሴት መጣች፤
በአልጋ ልብስ የጠቀለለችውን ባንኮኒው ላይ ፈታች።
ነዒማ ትባላለች። «የአባቴ ነው» አለች።
«ወደብ ላይ የጉምሩክ መዛኝ ነበር። ዓርብ ዓርብ ይሥላል፤
እናቴ ዓሣውን ለምሳ ስትጠይቀው ‹ገና ነው፣ ቆዪ› ይላል።
አንዴ በክለቡ ኮሪደር ሰቅለውለት ነበረ፤
ሰው ሻይ ሊጠጣ አለፈ፣ ሻይ ጠጥቶ ተሻገረ።»
ጥጉ ላይ በቀይ ቀለም ስሙ አለ፦ ያዕቁብ መርሁን።
ደንበኛውን ሁሉ ጠየቅሁ፤ የሚያውቀው የለም እስካሁን።

ሥዕሉ እዚህ ግባ የሚባል ነገር የለበትም፦
ሦስት የደረቁ ሎሚዎች፣ ጠርዙ የተላጠ ሳህን፣
ጋዜጣ ላይ ያልታረደ ሆድ ያለው ዓሣ፣
እጀታው በሲባጎ የታሰረ ቢላ።
ሰው የለ፣ ባሕር የለ፣ መስኮት የለ። ከኋላ
ውሃ የጠጣ የኖራ ግድግዳ ብቻ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ምሳዬን በላሁ ፊቱ ቆሜ፤
ዳቦዬ ሲያልቅ ነው የባነንኩ፣ ከምን እንደሆነ እንጃ፣ ከሕልሜ።
ሰውዬው መዝኖ ነው የሣለው!
ሎሚዎቹ እፍ ቢሏቸው ከሳህኑ ይንከባለላሉ፣
ጥላቸውን እንኳ ሳይጫኑ በጫፉ ቆመው ያሉ።
ዓሣው ግን ይከብዳል፤ ከሥሩ ጋዜጣው ርሶ፣
የመርከቦች መግቢያ ሰዓት፣ ፊደል በፊደል ላይ ፈሶ።
ቢላውም ከጠረጴዛው ጠርዝ ግማሽ እጀታው አልፎ፦
ልቀልበው እጄን ዘረጋሁ።

ዲላ ገበያ ውስጥ እትዬ ብርነሽ ጨው ሲሸጡ
አውራ ጣታቸውን ሚዛኑ ላይ ጣል ያደርጉ ነበር፤
ሁላችን እያወቅን፣ ማንም አይናገርም ነበር።
ይህ ሰው ግን፣ ብዬ አሰብኩ፣ ጣቱን ያላሳረፈ፣
ያየውን ያህል ብቻ መዝኖ ሰጥቶ ያለፈ።

ማክሰኞ አሮጌውን ፍሬም በመንቀያ ስፈታው
ከእንጨቱ ከንፈር ሥር፣ ዘመን ሙሉ ብርሃን ያልነካው
ቀጭን ዳር ወጣ፤ ትናንት የተቀባ ይመስል።
እዚያ ላይ፣ በዓሣው ብርማ ቀለም፣
አውራ ጣት። ከነመስመሩ።

አለቃዬ ሻጂ አየና «ቆሻሻ ነው» አለ፤
«ፍሬም አምስት ሚሊ ይበላል፤ ይሸፈናል፣ ምን አለ?»
እውነቱን ነው። ፍሬም ይበላል፣ ሥራው ነው መብላት።
እኔም እዚህ አገር ስገባ፣ ሌሊት፣ ኤርፖርት፣ መስታወት ላይ
አሥር ጣቴን አንድ በአንድ ተጭነው ወስደዋል፤
የት እንዳስቀመጡት እንጃ፤ የሆነ ቦታ ይኖራል።
አሻራ ለኛ እንዲህ ነው፦ የሚያስገባ፣ የሚያስወጣ።
በዓርብ ቀን፣ እጁ ዓሣ ዓሣ እየሸተተ፣
ሸራውን ከፍ ሊያደርግ ብቻ
አንድ ሰው ረስቶት የሄደ አሻራ
አይቼ አላውቅም ነበር።

ሰፋ አድርጌ ቆረጥኩ። ከሸራው እስከ እንጨቱ
አንድ ጣት ክፍተት ተውኩ፣ እንዲተነፍስ አውራ ጣቱ።
ሻጂ የእንጨቱን ትርፍ ከደሞዝህ እቆርጣለሁ አለ። ይቁረጥ።

ሐሙስ ነዒማ መጣች። ስለ ግማሽ ዲናር ተከራከረች፣
አሸነፈች። ከዚያ ወደ በሩ፣ ወደ ብርሃኑ ወሰደች፤
ዳሩ ላይ እድፍ የመሰለውን አየች፤
ልትጠርግ የዓባያዋን እጅጌ ከፍ አደረገች፤

ከፍ እንዳደረገች ቆመች።
ውጭ ዓሣ ተራው ይጮኻል፣ በረዶ ይወቀጣል።
«ልጠቅልልልሽ?» አልኳት።
«ቆይ» አለች።